የጎኩ ድምፅ የሴት አያት ነው?! ስለ ማሳኮ ኖዛዋ የምታውቁ ኑ

የልደታው
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ አንድ ነገር አውቄ ራሴን ይዣለሁ።

ድራጎን ቦል የሚባለውን የጃፓን አኒሜ (ካርቱን) ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት በእንግሊዝኛ ነው። ዋናው ጀግና ጎኩ ማለት ለኔ ያ ወፍራም የጎረምሳ ድምፅ ነው። ትናንት ታናሽ ወንድሜ በጃፓንኛ ከፍቶ ሲያይ ደረስኩ። ጎኩ አፉን ሲከፍት፣ ኧረ በማርያም! ቀጭን፣ ሻከር ያለ፣ የሰፈር ልጅ ጩኸት። «ፋይሉ ተበላሽቷል እንዴ?» አልኩት። ሳቀብኝ። ጉግል ሳደርግ ጭራሽ ባሰ። የምትናገረው ማሳኮ ኖዛዋ የምትባል ሴት ናት። የተወለደችው በ1936። የአያቴ እኩያ ማለት እኮ ናት!

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ያን ሁሉ ጡንቻ የተሸከመ ሰውዬ ለምን በሴት ድምፅ ይናገራል? ሁለተኛ፣ ይህቺ ሴት ማናት? ከዚህ በፊት ምን ሠርታ ነው ይሄን ያገኘችው?

(ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ፣ እንዳንምታታ።)

አቦ_ተወኝ
3፡18

እኔም አንድ ክፍል ሞክሬ ዘግቼዋለሁ። ጎኩ ሲናደድ ጎረቤታችን ዶሮ ሲያባርሩ ነው የሚመስለው። ሃሃሃ

ቤቲ_አኒሜ
3፡41

የልደታው፣ እንኳን ደህና መጣህ ወደ እኛ ጎራ። ይሄን ጥያቄ ሳይጠይቅ ያለፈ ሰው የለም።

ከሁለተኛው ልጀምር። ኖዛዋ በድምፅ አልጀመረችም። የጀመረችው ካሜራ ፊት ነው። አክስቷ የፊልም ተዋናይ ነበረችና በሦስት ዓመቷ ይዛት ስቱዲዮ ገባች። ከዚያ ወዲያ የሕፃን ሚና በተፈለገ ቁጥር እሷ ትጠራለች። ጦርነቱ መጣ፣ አለፈ። ስታድግ ቶጌይ የሚባል የቲያትር ቡድን ውስጥ ገባች። የልቧ ፍላጎት መድረክ ነበር። ቲያትር ግን የትም አገር ያው ነው፣ ሆድ አይሞላም። ቡድኑ ለሚቀጥለው ትርኢት አዳራሽ መከራየት አለበት። ገንዘቡ የሚገኘው አባላቱ በየቦታው ሠርተው ከሚያመጡት ነው።

የጃፓን ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1953 ነው። በዚያ ሰሞን የውጭ ፊልም በጃፓንኛ የሚተላለፈው እንዴት እንደነበር ታውቃላችሁ? በቀጥታ! ቀድሞ መቅዳት የሚባል ነገር የለም። ፊልሙ በየቤቱ እየታየ ተዋንያኑ ስቱዲዮ ውስጥ ቆመው እኩል ይናገራሉ። ታዲያ አንድ ፊልም ላይ ትንሽ ልጅ አለ። ማን ይናገርለት? እውነተኛ ልጅ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ማቆም አደጋ ነው፣ ከተሳሳተ መመለሻ የለም። ሰዓቱም ሌሊት ነው፣ ልጅ ማሠራት በሕግ ያስጠይቃል። ጎረምሳ እንዳያመጡ ድምፁ ወፍሯል። የቀረው ሴት ነው። በየቲያትር ቡድኑ የፈተና ጥሪ ተላከ። ኖዛዋ ሄደች፣ ተመረጠች። ይሄን ታሪክ በየቃለ ምልልሷ ስታነሣው ትሰማላችሁ።

ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ወንድ ልጅ ናት።

አቦ_ተወኝ
3፡44

በቀጥታ?! ቢያስነጥሳትስ?

ቤቲ_አኒሜ
3፡45

ልጁ ጉንፋን ይዞታል ማለት ነው፣ አለቀ።

ከዮኮሃማ
3፡58

እዚህ ጃፓን ፊልም ነው የማጠናው፣ ትንሽ ልጨምር።

ቤቲ ያለችው ልክ ነው፣ ግን ያ ሁሉ የውጭ ፊልም ከየት መጣ የሚለውም መልስ ያስፈልገዋል። የጃፓን ታላላቅ የፊልም ኩባንያዎች ቴሌቪዥንን እንደ ጠላት ነበር የሚያዩት። በ1956 ፊልሞቻችንን ለቴሌቪዥን አንሰጥም አሉ። በውል የያዟቸውን ኮከቦችም ወደዚያ እንዳይሄዱ ከለከሉ። ጣቢያዎቹ ባዶ ሰዓታቸውን በምን ይሙሉት? በአሜሪካ ድራማ። ለአሜሪካ ድራማ ማን ይናገር? ኮከቦቹ ተከልክለዋል። ስለዚህ ከየመድረኩ ገንዘብ ያጠራቸው የቲያትር ልጆች ተሰበሰቡ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የጃፓን ድምፅ ትወና ሥሩ እዚህ ነው። በኩርፊያ የተወለደ ሙያ ነው።

አንድ ቃል ደግሞ ልስጣችሁ። ከተቀረጸ በኋላ ድምፅ መሙላትን «አፍሬኮ» ይሉታል፣ ከእንግሊዝኛው ቆርጠው። በውጭ ፊልም ላይ ድምፅ መጫንን ግን «አቴሬኮ» አሉት። «አቴሩ» በጃፓንኛ መግጠም፣ ማስገጠም ነው። በሰው ከንፈር ላይ የራስህን ቃል ታስገጥማለህ።

ድምፅ_ክፍል
4፡20

ይሄ የኩባንያዎቹ ኩርፊያ የማውቀውን ነገር አስታወሰኝ። ቃና በ2016 ሲከፈት እኛም አገር እንዴት እንደተንጫጫን ረሳችሁት? የኪነ ጥበብ ሰው ተቃወመ፣ ሕዝቡ ደግሞ ማታ ማታ የቱርክ ድራማ ፊት ተተከለ። እኔም በዚያ ሰሞን ነው ወደዚህ ሥራ የገባሁት። የት እንደሠራሁ ይቅር፣ ክፍያዬን ለማግኘት አራት ወር የተመላለስኩበት ቤት ስለሆነ ስሙን ማንሣት አልፈልግም።

ሴት ነኝ። የመጀመሪያ ሚናዬ የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ ነበር። ዳይሬክተሩ «ድምፅሽን አቅጥኚው» አለኝ። አቀጠንኩት። ስሰማው ግን ልጅ አልመሰለም፣ ሴትዮ ልጅን ስታሾፍ ነው የሚመስለው። ሦስት ቀን ተቸገርኩ። በመጨረሻ አንድ ነገር ገባኝ። ልጅ ድምፁ ቀጭን ስለሆነ አይደለም ልጅ የሚመስለው። ትንፋሹን ስለማይቆጥብ ነው። ትልቅ ሰው አረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ አውቆ ይተነፍሳል። ልጅ ዝም ብሎ ይጀምርና መሃል ላይ አየር ያልቅበታል።

አሁን ኖዛዋን አዳምጧት። ጎኩ «ራበኝ» ሲል ስሙት። አየሩን በሙሉ የመጀመሪያው ቃል ላይ ነው የሚጨርሰው።

የልደታው
4፡26

ወይኔ፣ ይሄን አላሰብኩትም። ቆይ ልስማው።

ጋሽ_አበራ
እሁድ፣ ጠዋት 1፡05

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። ጽሑፋችሁን በጉጉት ነው ያነበብኩት። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። በ1936 የተወለዱ ሴት ናቸው ብላችሁ ራሳችሁ ጻፋችሁ። ከዚያ «እሷ፣ ሄደች፣ ተመረጠች»። የአያታችሁን እኩያ እንዲህ ነው የምትጠሩት? «እሳቸው» በሉ።

አቦ_ተወኝ
1፡30

ጋሼ ይቅርታ፣ ልክ ኖት። ግን ጎኩንስ እንዴት ልበለው? ያንን ከእጁ የሚለቀውን ጨረር ሲተኩስ «እሳቸው ካሜሃሜሃ ለቀቁ»?

ጋሽ_አበራ
1፡33

ጎኩ ማን እንደሆነ አላውቅም። ዕድሜው ስንት ነው?

ቤቲ_አኒሜ
1፡50

ሃሃሃ ጋሼ፣ እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፣ አይግቡበት።

እሺ፣ ከአሁን በኋላ እሳቸው። ሥራዎቻቸውን ልዘርዝር ብዬ ነበር፣ ግን መቶ ይሆናል። ሦስቱን ብቻ፣ ዕድሜያቸውን እያያችሁ።

ኪታሮ፣ 1968። ከመቃብር የተወለደ አንድ ዓይና ልጅ ነው፣ ከመናፍስት ጋር ይውላል። 31 ዓመታቸው ነበር። አባቱ ሞቶ የቀረው አንድ የዓይን ብሌን ብቻ ነው፣ እጅና እግር አውጥታ የምትሄድ። ኢሳሙ ታኖናካ የሚባሉ ተዋናይ ነበሩ የአባትየውን ድምፅ የሚሰጡት። በ1985 ሦስተኛው ኪታሮ ሲሠራ አባትየው በታኖናካ ቀጠለ፣ ልጁ ግን ለኬይኮ ቶዳ ተሰጠ። ማለትም ኖዛዋ ልጃቸውን ተነጠቁ። በጥቂት ወር ውስጥ፣ የካቲት 1986፣ ጎኩ መጣ። 49 ዓመታቸው ነበር!

በመሃል በ1978 ጋላክሲ ኤክስፕረስ 999 አለ። ቴትሱሮ የሚባል ድሃ ልጅ በባቡር ሕዋን ያቋርጣል። እዚያ አጠገቡ ያለችው ሜቴል በማሳኮ ኢኬዳ ነው የምትናገረው፣ ለኦድሪ ሄፕበርን ጃፓንኛ ድምፅ የነበሩት። ሁለቱ ማሳኮዎች አንድ ባቡር ላይ። ካላያችሁ እዩት፣ ሌላ ምንም አልልም።

ከሪያድ
2፡15

አስትሮ ቦይም እሳቸው ናቸው አይደል? የመጀመሪያው የጃፓን አኒሜ?

ከዮኮሃማ
2፡22

አይደለም ወንድሜ። የ1963ቱ አቶም (አስትሮ ቦይ ማለት ነው) ማሪ ሺሚዙ ናቸው። እሳቸውም ሴት ስለሆኑ ብዙ ሰው ያምታታዋል። እንዲያውም ልጅን በሴት ድምፅ ማሠራት እዚህ አገር ልማድ ነው። ናሩቶ ጁንኮ ታኬውቺ ናቸው፣ ሉፊ ማዩሚ ታናካ፣ ኮናን ሚናሚ ታካያማ። ሁሉም ሴቶች። ምክንያቱም የወንድ ልጅ ተዋናይ ድምፅ በሁለት በሦስት ዓመት ይሰበርና ሥራው መንገድ ላይ ይቀራል። አሜሪካኖችስ ቢሆኑ? የሲምፕሰኑ ባርት ናንሲ ካርትራይት ናት፣ ሴት።

ለኖዛዋ አድናቂ ደግሞ የማይታወቅ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዶራኤሞንንም፣ ድመቱን ሮቦት፣ ሆነዋል! ዛሬ የምናውቀው የ1979ኙ ሳይሆን ከዚያ በፊት በ1973 ለስድስት ወር ያህል የታየ ሌላ ዶራኤሞን ነበር። መጀመሪያ ኮሴይ ቶሚታ የሚባሉ ወንድ ሠሩት፣ መሃል ላይ ለኖዛዋ ተላለፈ። ስቱዲዮው ፈረሰ፣ ያ ዶራኤሞንም ከሰው ዓይን ጠፋ።

አቦ_ተወኝ
2፡40

እሺ፣ ታሪኩ ደስ ይላል፣ አከብራለሁ። ግን የልደታው የጠየቀው ዋናው ጥያቄ አልተመለሰም። ጎኩ ልጅ እያለ እሺ። በኋላ ግን አደገ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ፕላኔት የሚያፈርስ ሰው ሆነ። ለምን ወንድ አልተኩም? ይሄ የፍቅር ነገር ነው እንጂ የሙያ አይደለም። ለሚወዱት ሰው ሥራውን ተውለት፣ በቃ። ሾን ሼመልን ስሙት፣ በእንግሊዝኛ ሲጮኽ ግድግዳ ይነቃነቃል።

ናኒ_ፓሪስ
3፡05

እዚህ ፈረንሳይ የተኩት እንዳንተ አስበው ነው። ልጁ ጎኩ ብሪዢት ለኮርዲየ ናት፣ ሲያድግ ግን ፓትሪክ ቦርግ የሚባል ወንድ ገባ። የኔ ልጆች የሚያዩት እሱን ነው። ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ግን በጃፓንኛ ካየሁት በኋላ የፈረንሳዩ ጎኩ ሌላ ሰው ሆነብኝ። ጀግና ነው። የጃፓኑ ጀግና አይደለም፣ ጀግና መሆኑን ያላወቀ ነው።

ድምፅ_ክፍል
3፡30

ናኒ፣ አፌ ላይ የነበረውን ወሰድሽው።

አቦ_ተወኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጎኩ በጃፓንኛ ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ታውቃለህ? «ኦራ» ነው የሚለው። የከተማ ሰው «ኦራ» አይልም። የገጠር ሰው ነው። «ኦሱ! ኦራ ጎኩ!» ሲል በእኛ አገር ቢሆን ከተራራ የወረደ፣ ጫማ ያላደረገ የባላገር ልጅ፣ የከተማ ሰው ሁሉ ፊት ቆሞ «እኔ ጎኩ ነኝ፣ እንዴት ዋላችሁ!» ሲል ማለት ነው። ተራራ ላይ በአያት እጅ ያደገ ልጅ ነው እኮ። ጡንቻው አደገ እንጂ እሱ አላደገም። ሚስቱ ስትቆጣው የሚደነግጠው፣ ምግብ ሲያይ ጠላቱን የሚረሳው ለዚህ ነው። ድምፁን ወንድ ብታደርገው «ኦራ» የሚለው ነገር ቀልድ ይሆናል። በኖዛዋ አፍ ግን ቀልድ አይደለም፣ እውነት ነው።

እንግሊዝኛው ይሄን በሙሉ ጣለው። ጎኩን ልዕለ ኃያል አደረገው። መጥፎ ነው አላልኩም፣ ግን ሌላ ሰው ነው።

አቦ_ተወኝ
3፡36

ኦራ የሚለውን አላውቅም ነበር። ዝም ብያለሁ። ለጊዜው።

ቤቲ_አኒሜ
4፡00

ዝም ካልክ አይቀር ይሄን ጨምርበት። ጎኩን ብቻ አይደለም የሚሠሩት። ልጁን ጎሃንንም እሳቸው ናቸው። ሁለተኛውን ልጅ ጎቴንንም። የጎኩን አባት ባርዶክንም። አያት፣ አባት፣ ልጆች፣ ቤተሰቡ በሙሉ ከአንድ ጉሮሮ ነው የሚወጣው።

ሴል ከሚባለው ጠላት ጋር የሚደረገውን ጦርነት ታስታውሳላችሁ? ሴል ሊፈነዳ ነው፣ ምድርም አብራ ልትጠፋ ነው። ጎኩ ልጁ ፊት ድንገት ይመጣል። ፈገግ ይላል። ጥሩ ተዋግተሃል ይለዋል፣ እናትህን ይቅርታ በልልኝ ይለዋል፣ ሴልን ይዞ ይጠፋል። ጎሃን ይጮኻል። ስንት ሰው አልቅሶበታል!

እዚያ ላይ የሚሰናበተው አባት ኖዛዋ ናቸው። የሚሰናበቱት ልጅም ኖዛዋ ናቸው። ድምፁን ከፍ ዝቅ አድርገው አይደለም የሚለዩት። አባትየው ረጋ ይላል፣ ትንፋሹ ሙሉ ነው። ልጅየው ከቃሉ በፊት ትንፋሹ ይሰማል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት፣ ሁለት ሰው ነው። እሳቸው ሲጠየቁ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ሥዕሉን ሳይ ያ ልጅ እሆናለሁ። ሌላ ዘዴ የለኝም ባይ ናቸው።

የልደታው
4፡04

ቆይ ቆይ። ለየብቻ ነው የሚቀዱት አይደል? መጀመሪያ ጎኩን፣ ከዚያ ጎሃንን?

ቤቲ_አኒሜ
4፡06

እሱ ነው ጉዱ! አንድ ላይ ነው። እየተቀያየሩ፣ ተከታትለው፣ በአንድ ቅጂ።

ከዮኮሃማ
4፡31

አንድ የአኒሜ ቀረጻ ገብቼ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ (ድራጎን ቦል አይደለም፣ እንዳትቀኑ)። ስቱዲዮው እንደምታስቡት አይደለም። ሦስት አራት ማይክ ተርታ ቆሟል። ተዋንያኑ ግድግዳውን ይዘው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ስክሪፕት እጃቸው ላይ። ተራው የደረሰው ብድግ ብሎ ኮቴው ሳይሰማ ማይኩ ጋ ይደርሳል፣ ይናገራል፣ ለሚቀጥለው ቦታ ይለቃል። ወረቀት ሲገለበጥ ድምፅ ማውጣት ነውር ነው። አንዲት ልጅ ገጹን በሁለት ጣት ይዛ እንደ ቅጠል ስታነሣው ነበር፣ አንድም ኮሽታ የለም።

ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕልም ብዙ ጊዜ አላለቀም። ንድፍ ብቻ ነው፣ አንዳንዴ እሱም የለም። ባለቀለም መስመር ብቅ ይላል፣ ቀይ ከሆነ ይሄ ገጸ ባሕርይ ይናገራል፣ ሰማያዊ ከሆነ ያኛው። ይሄን መስመር እያዩ ነው የሚያለቅሱት። አሁን አስቡት፣ ቀዩም ሰማያዊውም አንቺ ነሽ።

ከሪያድ
5፡00

ክፍያውስ? ሦስት ሰው ከሠሩ የሦስት ሰው ደሞዝ ያገኛሉ?

ከዮኮሃማ
5፡12

በቃል ብዛት አይደለም የሚከፈለው። በደረጃ ነው፣ በክፍል። ጀማሪ የሆነ ሰው ለግማሽ ሰዓት ፕሮግራም 15 ሺህ የን ነው የሚያገኘው፣ አንድ ቃል ቢናገርም ሙሉውን ሰዓት ቢያወራም። ያቺ ገንዘብ እንኳ በልመና አልመጣችም። በ1973 ድምፅ ተዋንያን ሥራ አቁመው አደባባይ ወጥተው ነበር። ክፍያቸው ወደ ሦስት እጥፍ ያደገው ከዚያ በኋላ ነው።

ድምፅ_ክፍል
5፡15

አደባባይ መውጣት... እኔ ደግሞ አራት ወር ሙሉ «ነገ ነዪ» ስባል ነበር።

የልደታው
ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሪፖርት ላቅርብ።

ትናንት ማታ ያንን የሴል ክፍል በጃፓንኛ ከወንድሜ ጋር አየሁት። እማዬ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ቴሌቪዥኑን አታየውም። ጎሃን ሲጮኽ ቢላዋውን አስቀምጣ በበሩ ብቅ አለች። «ያ ልጅ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያለቅሰው?» አለች። «አባቱ ሞቶበት» አላት ወንድሜ። «ውይ በሞትኩት» ብላ ተመለሰች። አንዲት ቃል ጃፓንኛ አታውቅም። ልጅ ነው የሰማችው።

ዕድሜያቸውን ስነግራት አላመነችም። «አትቀልድ፣ ሥራ አለብኝ» አለችኝ።

አቦ_ተወኝ
2፡48

እሺ። ተሸንፌያለሁ። የእናት ምስክርነት ላይ ይግባኝ የለም።

ግን እንድትፈሩት የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ክፉ አላስብም፣ ዕድሜ ይስጣቸው። እሳቸው ሲያቆሙስ?

ቤቲ_አኒሜ
3፡02

ይሄን ጥያቄ የጃፓን አድናቂ ሁሉ በልቡ ይዞታል፣ አፉን ሞልቶ አይናገረውም እንጂ።

መንገዱ ከዚህ በፊት ታይቷል። ሉፓን የሚባለውን የአኒሜ ሌባ ከ1971 ጀምሮ የሠሩት ያሱኦ ያማዳ በ1995 ሲሞቱ ቦታውን የያዘው ካንኢቺ ኩሪታ ነው። ማን እንደነበረ ታውቃላችሁ? የሰው ድምፅ አስመስሎ የሚያስቅ ኮሜዲያን! ያማዳን በማስመሰል ይታወቅ ስለነበር ነው የተጠራው። ዶራኤሞን ደግሞ በ2005 ዋና ዋናዎቹን ተዋንያን በአንድ ጊዜ ቀየረ፣ አንድ ትውልድ ተቆጣ፣ ሌላ ትውልድ አዲሱን እየሰማ አደገ።

ለኖዛዋም የሚያስመስላቸው ኮሜዲያን አለ፣ ታጂማ የሚባል፣ በብርቱካንማው የጎኩ ልብስና በእሳቸው ፀጉር ብቅ እያለ። ተተኪ ይሆናል እያልኩ አይደለም በእግዜር!

ከዮኮሃማ
3፡25

ከሰው በፊት ኤአይ ነው የሚመጣው ብላችሁ ከሆነ የምታስቡት፣ እዚህ ነገሩ ተጀምሯል። በጥቅምት 2024 ሁለት ነገር በአንድ ወር ሆነ። 26 ድምፅ ተዋንያን ድምፃችንን ሳታስፈቅዱ በማሽን አትሥሩ ብለው ዘመቻ ጀመሩ። የዊል ስሚዝ ጃፓንኛ ድምፅ የሆኑት ኮኢቺ ያማዴራና የጎኩ ጠላት የፍሪዛ ድምፅ የሆኑት ሪዩሴይ ናካኦ አሉበት። በዚያው ወር የኖዛዋ ወኪል የሆነው አኦኒ ፕሮዳክሽን ከአንድ የኤአይ ኩባንያ ጋር ተስማማ። የአሥር ሰው ድምፅ ተሰጠ፣ የኖዛዋም አለበት። ግን ገደብ አለው። ለመንገድ መሪ፣ ለሕክምና መሣሪያ፣ ለመሳሰሉት ነው እንጂ ለትወና አይደለም። ለአኒሜም ሆነ ለውጭ ፊልም ድምፅ አይውልም።

ማለትም ማሽኑ በኖዛዋ ድምፅ ወደ ቀኝ ታጠፍ ይልህ ይሆናል። ካሜሃሜሃ ግን አይልም።

ጋሽ_አበራ
3፡50

ይሄ ውል ደስ ይላል። የሰው ድምፅ ንብረቱ ነው።

እኛ በሬዲዮ ድራማ ነው ያደግነው። ጎረምሳ ነው ብለን በልባችን የሣልነውን ተዋናይ በኋላ በአካል ስናየው ሽበታም ሆኖ እናገኘዋለን። አንድ ጊዜ የምወደውን ሰው አውቶቡስ ፌርማታ አግኝቼው አፈርኩ። እሱ ሳይሆን እኔ። እና ሴትዮዋ አሁንም ይሠራሉ ነው የምትሉት?

ቤቲ_አኒሜ
4፡01

ይሠራሉ እንጂ ጋሼ! በ2017 ጊነስ ሁለት መዝገብ ሰጥቷቸዋል፣ አንዱ በቪዲዮ ጌም አንድን ገጸ ባሕርይ ረጅም ጊዜ በመሥራት፣ 23 ዓመት ከ218 ቀን። በ2024 መጋቢት ላይ ጎኩን የፈጠረው አኪራ ቶሪያማ በ68 ዓመቱ ሞተ። ያኔ መጀመሪያ ላይ የፈተናውን ቴፕ ሰምቶ እሳቸውን የመረጠው ራሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሲሥል የሚሰማው የኖዛዋ ድምፅ እንደሆነ ተናግሯል። እሱ በሞተበት ዓመት ጥቅምት ላይ ዳይማ የሚባለው ድራጎን ቦል ጀመረ። እዚያ ውስጥ ጎኩ በአስማት ተመልሶ ትንሽ ልጅ ይሆናል። ኖዛዋ 88 ሊሞላቸው ቀናት ቀርቷቸው ነበር።

ግን እኔን የሚገርመኝ ጎኩ አይደለም። ኪታሮ ነው። መጀመሪያ ላይ ልጃቸውን ተነጠቁ ብዬ ነበር አይደል? ታኖናካ፣ የዓይን ብሌኑ አባት፣ በ2010 ሞቱ። በ2018 ስድስተኛው ኪታሮ ሲሠራ ልጁ ለሚዩኪ ሳዋሺሮ ተሰጠ፣ እሷም ሴት ናት። ለአባትየው የተጠራው ማን ነው? ኖዛዋ። ልጁን ከጀመሩ ልክ ከ50 ዓመት በኋላ አባት ሆነው ተመለሱ። በፊት «አባቴ!» እያሉ ይጣሩ ነበር፣ አሁን «ኪታሮ!» ብለው ይጣራሉ።

የልደታው
4፡09

ይሄማ ከባድ ነው። ኪታሮን ከየት ልጀምር? የ1968ቱ ረጅም ነው መሰለኝ።

ቤቲ_አኒሜ
4፡12

65 ክፍል፣ ጥቁርና ነጭ። ለጀማሪ አልመክርም። «ሃካባ ኪታሮ» የሚለውን ያዝ፣ የ2008 ሥራ ነው፣ 11 ክፍል ብቻ። ልጁ ኖዛዋ፣ አባትየው ታኖናካ፣ እንደ ድሮው አንድ ላይ። ያኔ እሳቸው 71 ዓመታቸው ነበር። ትንሽ ያስፈራል፣ ማታ ብቻህን አትየው።

የልደታው
4፡13

ወንድሜ አለ። እማዬም ሽንኩርቷን ይዛ ትመጣለች።